የማያስነጥስ በርበሬ

ጓንግ ሲሞላ መንደሩ ደሴት ይሆናል። ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ ዙሪያውን ይይዘዋል፤ እስከ መስከረም መውጫው በበርሜል ላይ የታሰረችው ታንኳ ብቻ ናት። በ1978 ክረምት፣ የየቤቱን ኑሮ የሚመዘግበው የወረዳ ሠራተኛ ጓድ ደሞዝ በእሷው ተሻገረ።

አይናዲስ መምጣቱን ስትሰማ የጓዳውን መጋረጃ ጋረደች። ባለፈው ዓመት ማዶ ካለው መንደር «ራሳቸውን ያልቻሉ» ተብለው የተመዘገቡት በካሚዮን ተጭነው ሩቅ ሰፈራ ሄደዋል፤ ወሬያቸው እንኳ አልተሰማም። ስለዚህ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ቸሩ ሰዉን ሰብስበው፣ ማንም ቤቴ ሕመምተኛ አለ እንዳይል አስማምተው ነበር። የአይናዲስ ልጅ፣ የሰባት ዓመቷ ስመኝ ግን ጓዳ ውስጥ የወባ ንዳድ ያንቀጠቅጣታል። ሦስተኛ ቀኗ ነው። ታላቅ እህቷን ይኸው ንዳድ በአራተኛው ቀን ነው የወሰዳት።

ደሞዝ ደጃፉ ላይ ቆሞ ፍየሉን፣ ማሽላውን፣ በቀን ስንቴ እንደሚበሉ ጠየቀ። እሷም ሁሉን ጨምራ ጨምራ መለሰች። በመሀል የጠፍር አልጋው ከጓዳ ሲንቋቋ ሰማችና ዘነዘናውን አንስታ ባዶ ሙቀጫ መውቀጥ ጀመረች። ምን እንደምትወቅጥ ጠየቃት። በርበሬ ነው አለችው።

«እትዬ አይናዲስ፣ በርበሬሽ አያስነጥስም» አለና ፈገግ አለ። ከዚያ «ሕመምተኛ የለም» ብሎ በእርሳስ ጻፈ።

መሄዱን በዓይኗ ለማየት እስከ ወንዙ ተከተለችው። ጎረቤቷ ሰዓዲያም እዚያው ቆማለች። ደሞዝ ታንኳው ላይ ወጥቶ ወደ አያ ቸሩ ዞረ።

«አሥራ አራት ቤት፣ አንድ የታመመ የለም። እንግዲያው ይዤ የመጣሁትን የወባ ክኒን ለማዶዎቹ እሰጣለሁ። እስከ መስከረም አልመለስም።»

አያ ቸሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና በሰላም ግባ አሉት። ሰዓዲያ መሬት መሬት አየች። ገመዱ ተፈታ።

አይናዲስ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገብታ ገመዱን ያዘች።

«በርበሬ አልነበረም» አለች። «ልጄ ናት።»

ደሞዝ መዝገቡን ገልጦ የጻፈውን በላጲስ አጠፋ፤ አሁን ግን በእስክሪብቶ ጻፈ። ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ሲሰጣት፣ ለሰፈራ ያነሱን ይሆን ብላ ጠየቀችው።

«እኔ እጽፋለሁ እንጂ አላነሳም» አላት።

አያ ቸሩ ፊታቸውን አዞሩባት። እሷ ክኒኑን ጨብጣ ዳገቱን ስትሮጥ፣ ከኋላዋ የሰዓዲያ ድምፅ ቀስ ብሎ መጣ።

«ከኔ ቤት ሁለት ናቸው።»

አይናዲስ ዞራ አላየችም።