ሳላገላብጥ ያሳለፍኩት አጥንት

የራስ ቅል ግርጌን ሳስተምር ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ ደክሞኛል። ከውስጥ ጆሮ አጠገብ ሁለት ነርቮች በአንድ ቀዳዳ ያልፋሉ፤ አንዱ ለመስማት ነው፣ ሌላው ፊትን ያንቀሳቅሳል። ቀዳዳው እስክሪብቶ እንኳን አያስገባም። ይህንን ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም፤ ተማሪዎቹም ስንት ጊዜ እንዳዛጉ እንጃ።

አሁን እዚያው ቀዳዳ ውስጥ እትዬ ዕጢ ወጥቶባታል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ናት። የግራ ጆሮዋ መስማት ካቆመ ቆይቷል። "ይቅር፣ ለሐሜት አንዱ ይበቃል" ትላለች። ፊቷ እንዳይጣመም ግን ፈርታለች። እኔ ደግሞ ከእሷ ይብስ ፈርቻለሁ፤ ዕጢውን የሚያወጣላት ሐኪም የእኔ ተማሪ ነበር።

ያኔ እሱ ሲማር፣ በፈተናው ቀን አሥራ አራት ተማሪዎች ከሬሳ የተወሰደ የጆሮ አጥንት ሲሰረስሩ ዋሉ። የእሱ የመጨረሻው ነበር። አጥንቱን አገላብጬ ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሳይቆረጥ መትረፉን ማየት ነበረብኝ። ወገቤን ቆርጦኝ ስለነበር ሳላየው "አልፏል" ብዬ ፈረምኩ።

ዛሬ ጠዋት ይህንኑ ልነግረው ሄድኩ፤ ሌላ ሐኪም እንዲፈለግላት። ለቀዶ ጥገናዋ እጁን እየታጠበ ነበር፤ ቀደመኝ።

"መምህር፣ ያኔ ነርቩን ቆርጬው ነበር። አይተው ዝም ብለው አሳለፉኝ። እንዲህ ያመኑኝን ሰው ላሳፍር አልችልም ብዬ፣ ዓመት ሙሉ ከሥራ በኋላ አጥንት ስሰረስር ከረምኩ።"

እውነቱን ብነግረው፣ መሰርሰሪያውን ይዞ ከእትዬ ራስጌ ሲቆም እጁ እንዴት ይሆናል?

"አይቼው ነበር" አልኩት። በሽበቴ ዋሸሁ፤ አፈርኩም።

ሰባት ሰዓት ሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ስትነቃ አስገቡኝ።

"እትዬ፣ እስቲ ፈገግ በይ።"

"አንተ ደግሞ፣ ምን የሚያስቅ ነገር አየህ?" አለችና ተቆጣች። ሁለቱም ቅንድቦቿ እኩል ተሰበሰቡ፤ አፏም በሁለቱም በኩል ወደ ታች ወረደ።

እጇን ይዤ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

"ምነው? ተጣመመ እንዴ?" አለች ደንግጣ።

መስታወት ልፈልግላት ተነሳሁ።