ነዕማ የምትቀመጥበት

መምህርት ሐሴት አራተኛ ክፍልን በንባብ ችሎታ በሦስት ወገን ከከፈለች ወዲህ ቤቷ የምትገባው ድምጿ ተዘግቶ ነው። አሶሳ ዳር ባለው በዚህ ትምህርት ቤት ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ታጭቋል፤ ከኋላ ምንባብ የሚያነቡት፣ መሃል ቃል የሚመሠርቱት፣ ፊት ገና ፊደል የሚለዩት። ለአንዱ ወገን ሥራ ሰጥታ ወደ ሌላው ስትዞር የተወቻቸው ይንጫጫሉ። ቢሆንም የፊቶቹ ፊደል መያዝ ጀምረዋል፤ ከሁሉም ነዕማ።

ነዕማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ቤቷ የሚነገረው በርታኛ ነው፤ ትምህርት የጀመረችውም ዘግይታ። ከትንንሾቹ መሃል ጉልበቷ ዴስኩ ሥር አልገባ ብሏት ጎብጣ ትውላለች።

ሰኞ ከሰዓት እናቷ አማል መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አማርኛዋ ሴቱንም በወንድ ይጠራል።

«አስተማሪ፣ ነገ ነዕማ አይመጣም።»

«ምነው እናቴ?»

«ትልቅ ልጅ ነው። ለጋብቻ ሰው እየጠየቀ ነው። ‹የአማል ልጅ ከሕፃን ጋር ሀ ሁ ይላል› ብሎ ሰፈሩ ሳቀ። እሱም ማታ አለቀሰ።»

«አሁን እኮ ነው መያዝ የጀመረችው!»

«ወላሂ፣ ከጓደኛ ጋር አስቀምጥ፣ ይመጣል። አለበለዚያ ቤት።»

 ነዕማ ኋላ ከእኩዮቿ ጋር የተቀመጠች እንደሆነ የሚሆነውን ሐሴት ታውቀዋለች። ነዕማ እስከ አራተኛ የደረሰችው ከኋላ ተቀምጣ ሰሌዳውን እየገለበጠች ነው፤ ጽሕፈቷ ያምራል፣ አንዲት ቃል ግን አታነብም። ቤት ከቀረች ደግሞ በዚያው ቀረች።

«ከጓደኞቿ ጋር ትሆናለች» አለች በመጨረሻ።

ይህን የሰማው የጎረቤት ክፍል መምህር ጌትነት መምህራን ክፍል ውስጥ ሳቀባት። «በአንድ ደሞዝ ሦስት ክፍል አስተማርሽ። አሁን ለአንዲት ልጅ ብለሽ አራተኛውን ልትከፍቺ ነው?»

«ያንተን ተማሪዎች ጨምርልኝና አምስት ይሁን» አለችና ጠመኔዋን ይዛ ወጣች።

ማክሰኞ ነዕማ መጣች። ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ ተቀመጠች፤ ፊቷን ግን ወደ ሐሴት አላዞረችም። ሐሴት የፊቶቹን ፊደል አስጀምራ፣ የመሃሎቹን ቃል ሰጥታ፣ ኋላ ደረሰች። ሁሉም ምንባቡን እንዲገልጡ አዘዘች። የነዕማን መጽሐፍም ገለጠችና ፊደል የጻፈችበትን ብጣሽ ወረቀት ገጹ መሃል ሸጎጠችላት።

ነዕማ ወረቀቱን በሻሿ ጫፍ ከለለችው። «ቲቸር፣ እንዳይሰሙን ቀስ በይ» አለች በሹክሹክታ።

«ቲቸር! ጨረስን!» ብሎ ኻሚስ ከፊት ጮኸ።

«ድገሙት» አለች ሐሴት ሳትዞር። ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ ጆሮዋን ወደ ልጅቷ አስጠጋች።

«መ» አለች ነዕማ፤ ቀጥላም በጣም ቀስ ብላ፣ «ሙ»።