የበድሪ እጅ

ባለቤቴ በድሪ በአርባ ዓመት ትዳራችን በጭሮ ከተማ መንገድ ላይ እጄን ይዞ ሄዶ አያውቅም ነበር። ሁልጊዜ እሱ ፊት ፊት ይቀድማል፣ እኔ ከኋላ እከተላለሁ፤ ደረሰች ቀረች ብሎ እንኳ አይዞርም። ይህ የተለወጠው ሂርና ጫት ሸጬ ስመለስ፣ ከሚኒባስ ስወርድ ወድቄ ዳሌዬ የተሰበረ ጊዜ ነው። ከሆስፒታል ስወጣ ክንዴን ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀም።

አጥንቱ ቢገጥምም ማነከሴ አልተወኝም። የሂርና ገበያዬም እንደቀረ ቀረ። በመጨረሻ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ትዕምርት፣ "አዴ ሀኒፋ፣ አረማመድዎን በቪዲዮ ልቅረጸውና ኮምፒውተሩ ይየው" አለችኝ።

በድሪ ፊቱን ቋጠረ። "ደግሞ እንደ ሙሽራ ልትቀረጽ ነው?"

ትዕምርት ቀሚሴን ሰብስባ፣ ከሱሪዬ ላይ ጉልበቴና ቁርጭምጭሚቴ ጋ ቀይ ፕላስተር ለጠፈች። ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ በድሪ ይዞኝ፣ ቀጥሎ ብቻዬን ተራመድኩ። ብቻዬን ስሄድ እሱ እጆቹን ዘርግቶ በግድግዳው ጥግ ተከተለኝ፤ ዶሮ ሊይዝ የሚያደባ ነው የሚመስለው።

ኮምፒውተሩ እኔን በነጥብና በመስመር ሠርቶ አሳየን። በድሪ የያዛት ሴት ወደ እሱ ዘንበል ብላ ታነክሳለች። ብቻዋን ያለችው ግን ቀስ ትላለች እንጂ ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

"እግርዎ ድኗል" አለች ትዕምርት። "ሲይዙዎት ግን ክብደትዎን ሁሉ እሳቸው ላይ ይጥላሉ። ጋሽ በድሪ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይደግፏቸው።"

"አልሃምዱሊላህ" አለ በድሪ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

እኔም ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። እውነቱን ልናገር፦ ገበያዬንም እፈልጋለሁ፣ እጁንም እፈልጋለሁ። አሁን አንዱን ላገኝ ሌላውን ላጣ ነው። ለትዕምርት ይሄ ምኑ ይነገራታል? ገና ልጅ ናት።

ከግቢው ስንወጣ በድሪ እንደ ድሮው ቀደመ። እኔም ቀጥ ብዬ ተከተልኩ፤ እግሬ እሺ አለኝ። አስፋልቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ዞሮ ጠበቀኝ። ስደርስበት በሌላው ጎኔ መጣና ያዘኝ። ክንዴን አይደለም፣ መዳፌን።

"አትያዛት ተብለህ የለ?" አልኩት።

"መንገዱ ያንሸራትታል" አለ፣ ወደ ፊት ብቻ እያየ።

ጭሮ ላይ ዝናብ ከጣለ ወር አልፎታል። የአስፋልቱ ዳር አቧራ እስከ ቁርጭምጭሚታችን ነው።

"ቶሌ፣ እሺ" አልኩት፤ ሳልደገፈው እስከ ቤት ሄድን።