የጉልበቷ ውስጠኛ ጎን

ልጅቷ አዲሱን የእግር መከላከያ ከነላስቲኩ ታቅፋ ስትገባ አባቷ ሳሎን ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ለእሷው የሚሆን ሌላ እየለካ ነበር። ተያዩ። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ናት።

«ምንድን ነው እሱ?» አላት።

«ክለቡ ያመጣው ነው። ከአንድ ድርጅት ጋር ተፈራርመዋል። ከራስ ቁሩ እስከ ጫማው ሁላችንም የእነሱን ነው የምንለብሰው።»

«አንቺም?»

«እኔማ በረኛ ነኝ አባዬ። ካሜራው የሚያየው የእኔን እግር ነው።»

አባትየው ዲዛይነር ነው። ዲዛይነር ሲባል ብዙ ሰው ቀሚስና ኮት ይመስለዋል፤ እሱ የሚነድፈው ግን የሆኪ ተጫዋቾች እግራቸው ላይ የሚያስሩትን መከላከያ ነው። ድሮ ሻንጣ ይሠራ ስለነበር ባልደረቦቹ ዛሬም «ሻንጣው» ይሉታል። ሙያውን የቀየረው በልጁ ምክንያት ነው። ትምህርት ቤት ሳለች ሆኪ ጀመረች፤ በር ላይ የሚቆም ሲጠፋ ደግሞ እጇን አወጣች። የሆኪ ኳስ እንደ እግር ኳስ የተነፋ አይደለም፤ ድፍን ነው፣ ድንጋይ በለው። በዱላ ተመትቶ ሲመጣ በረኛዋ የምትመልሰው በእግሯ ነው። የመጀመሪያ ቀን ቅልጥሟ በልዞ ቤት ስትገባ፣ አባት ሆዬ ትራስ ቀድዶ ስፖንጁን አወጣና መስፋት ጀመረ። እናትየው ትራሷን ፈልጋ ስታጣ፣ «የሰው አባት ልጁን ከሜዳ ያስወጣል፤ የእኔው ቤቱን አፍርሶ ያለብሳታል» ብላ ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ የልጅቷ እግር ባደገ ቁጥር ሥራውም አብሮ አደገ። ሻንጣ ቤቱ ቀስ በቀስ የስፖርት ዕቃ መሥሪያ ሆነ፤ ሌሎች ክለቦችም ማዘዝ ጀመሩ። ሻንጣው ግን መጀመሪያ የሚነድፈው ሁሌም ለልጁ ነበር። እግሯን ከራሱ እጅ ይበልጥ ያውቀዋል። ቀኝ ባቷ ከግራው ወፈር ይላል። ኳስ ስትጠብቅ ጉልበቷን ወደ ውስጥ ትሰብራለች፤ ስለዚህ በጉልበቷ ውስጠኛ ጎን በኩል ተጨማሪ ክንፍ ይሰፋላታል።

«እስቲ አምጪው» አለና ላስቲኩን ቀድዶ አገላበጠው። ስፌቱ ንጹሕ ነው። ስፖንጁም ደህና ነው። ክብደቱ ደግሞ ከእሱ ሥራ በብዙ ይቀላል፤ ይህን በልቡ አመነ፣ በአፉ ግን አላወጣውም። «እሰሪውና በር ላይ እንደምትቆሚው ቁሚ» አላት።

አስራው ጎንበስ ብላ ቆመች። ጣቶቹን በጉልበቷ ውስጠኛ ጎን ሰደዳቸው፤ ያለ ከልካይ ገብተው ቆዳዋን ነኩ።

«ይኸው! ክፍት ነው!»

«አባዬ፣ ኳስ እዚያ ጋ የሚገባው በስንት ዘመን አንዴ ነው?»

«አንዴ ይበቃዋል እኮ።»

«ቀላል ነው እኮ ግን፤ እንደ ልቤ ነው የሚያስኬደኝ።» የተናገረችው ለራሷም ዘግይቶ ተሰማት መሰለኝ፣ «ያንተ ከባድ ነው ማለቴ አይደለም» ብላ ጨመረች።

«ገብቶኛል» አላት። በእርግጥም ገብቶታል።

በማግስቱ አሰልጣኙ ዘንድ ሄደ። አሰልጣኙ ድሮ ራሱ በረኛ የነበረና ሻንጣውን የሚያከብር ሰው ነው። ወንበር ስቦ አስቀመጠውና የሚለውን ሁሉ ሳያቋርጥ ሰማው።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው፤ ክፍተቱን እኔም አይቼዋለሁ» አለ። «ግን እኔ ምን ሥልጣን አለኝ? የምትሰለፈውን እንጂ የሚለበሰውን አልወስንም።»

«አንድ ክንፍ ብቻ ልጨምርበት። ቀለሙን አመሳስዬ እሰፋዋለሁ፤ ማንም አይለየውም።»

«መነካካት ክልክል ነው ተብሎ ተፈርሟል። እሷኑ ያስቀጧታል።»

እንዲያው ልቡ እንዲያርፍ ብሎ ወደ ቡድን መሪው ቢሮ ወሰደው። ቡድን መሪው ስልክ እያናገረ በእጁ አስቀመጣቸው፤ ሲጨርስ ነገሩን ግማሽ ድረስ ሰማና «ይህን የሠሩት ሰዎች እኮ ላቦራቶሪ አላቸው» አለ። ሻንጣው «የልጄ እግር ግን የላቸውም» ሊለው ፈልጎ ተወው። አመስግኖ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ አሰልጣኙን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለው። አሰልጣኙ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ለማንም አልጠቀመም።

ሥራ ቦታው ሲመለስ ስፖንጅ የምትቆርጠው ባልደረባው፣ ሁሉም «ቆራጯ» የሚላት፣ ፊቱን አይታ መቀሷን አስቀመጠች።

«እንቢ አሉህ?»

«ከላይ መጨመር አይቻልም። ከሱሪዋ ሥር ግን ማን ያያል? ስስ ነገር እንሥራላት፤ ጉልበቷን ብቻ የሚያቅፍ።»

«ስስ ከሆነ አይመክትም፤ ወፍራም ከሆነ አያስታጥፍም።»

«መሃሉን ፈልጊዋ!»

«መሃል ቢኖር እስካሁን አንዱ ያገኘው ነበር፣ ሻንጣው።» እንዲህ ብትልም ስፖንጁን ስባ መቁረጥ ጀመረች። ሲሰፉ፣ ሲተረትሩ፣ እንደገና ሲሰፉ ሰነበቱ። ሌላው ትእዛዝ ሁሉ ጥግ ላይ ተከመረ።

የሠሩትን ልጅቷ ለካችው። ቆማ ሳለ ልክክ ያለ ነበር። ጎንበስ ስትል ተንሸራቶ ባቷ ላይ ተጠቀለለ። ማሰሪያውን አጠበቀላት፤ «ይቆነጥጠኛል» አለች። አላላላት፤ ተመልሶ ወረደ። ሌላ ሠራ፤ እሱም ያው ሆነ። መጨረሻ ላይ «እሺ አባዬ፣ አደርገዋለሁ» ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እንደማታደርገው እሱም ያውቃል፤ እንደሚያውቅ እሷም ታውቃለች።

በአዲሱ መከላከያ ከምትሰለፍበት የመጀመሪያ ውድድር በፊት በነበረው ቀን ልጅቷ ሻወር እየወሰደች ሳለ ሻንጣው አላስችል አለው። የክለቡን መከላከያ አወጣና በጉልበቱ በኩል ስፌቱን በምላጭ መተርተር ጀመረ። ክንፏን ውስጥ ለውስጥ ቢያስገባት ከውጭ አትታይም ብሎ ነው። ልጅቷ ፎጣ እንደተጠመጠመች መጥታ በላዩ ቆመች።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ምላጩ እጁ ላይ ነው።

«አባዬ፣ እግሩ የኔ ነው!» ጮኸች። «ከልምምድ ስመጣ እንዴት ዋልሽ ብለኸኝ ታውቃለህ? እግርሽን አሳዪኝ ነው የምትለኝ። ጉልበቴን አይደለም የወለድከው! አስቀምጠው!»

እናትየው ከወጥ ቤት ወጥታ ምላጩን ቀስ ብላ ከእጁ ወሰደች። «ተው አንተ ሰውዬ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ። «እንዲህ ከያዝካት ነገ ልቧም አብሯት አይሰለፍም።»

ልጅቷ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋችው። ሻንጣው መርፌ አነሳ። የተረተረውን በዚያው በድሮው ቀዳዳ፣ ክሩን አመሳስሎ መልሶ ሰፋው። ክፍተቱን በገዛ እጁ እንደነበረ አደረገው።

በውድድሩ ዕለት ከሚስቱ ጋር ሽቦ አጥሩ አጠገብ ተቀመጡ። ሰው ሁሉ ኳሱን ሲከተል እሱ የልጁን ጉልበት ይከተላል። ኳሶች መጡ፤ መለሰቻቸው። መከላከያው ጥሩ ይመልሳል፤ ኳሱ እግሯ ሥር አይቀርም፣ ነጥሮ ይርቃል። ይህንንም ሳይወድ አየ። አንድ ጊዜ ኳስ የተከላካይ ዱላ ነክቶ አቅጣጫውን ቀየረና እዚያው፣ ውስጠኛው ጎን ላይ አገኛት። ሻንጣው ተነስቶ ቆመ። ልጅቷ ጉልበቷን አሻሸች፣ በአንድ እግሯ ዘለል ዘለል አለች፣ ከዚያ ዱላዋን ከፍ አድርጋ ለጓደኞቿ «ደህና ነኝ» የሚል ምልክት ሰጠች።

«አየህ?» አለችው ሚስቱ እጅጌውን ጎትታ እያስቀመጠችው። «የፈራኸው ይኸው መጣ፤ ይኸው አለፈ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ ተቀመጠ። እንዲያውም ውሃ ጠጣ።

ነገሩ የሆነው ከዕረፍት በኋላ ነው። ኳሱ ሜዳው ማዶ ነበር። አጠገቧ ተቃራኒ የለ፣ የራሷም ሰው የለ። ወጣ ብላ ቆማ ነበርና ወደ በሯ ልትመለስ ዞር አለች። ሰውነቷ ዞረ፤ መሬት የረገጠው ቀኝ እግሯ ግን አልዞረም። ወደቀች። የተንሸራተተች መስሏቸው የሳቁ ተመልካቾች ነበሩ። ከዚያ ጩኸቷ ተሰማ፤ ሳቁም ቆመ።

ሻንጣው የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ ቆመበት።

«ተመልካች አይገባም፣ ጋሼ።»

«አባቷ ነኝ!»

«አውቄያለሁ። ታዝዤ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ጥበቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዓይኑ ራሱ ሜዳው ላይ ነው። ሻንጣው ጣቶቹን ሽቦው ውስጥ ሰክቶ ቀረ። ወጌሻው አጠገቧ ተንበርክኮ የመከላከያውን ማሰሪያ ከላይ ጀምሮ ሲጎትት አየ። ከላይ ከተፈታ ክብደቱ ሁሉ ጉልበቷ ላይ ነው የሚያርፈው። «ከታች ጀምር! የታችኛውን አስቀድም!» ብሎ ድምፁ እስኪዘጋ ድረስ ጮኸ። ማን ይስማው? ልጅቷ ሳሩን በጡጫዋ ትደበድባለች። ሚስቱ ከኋላ የኮቱን ጫፍ ይዛ ዝም ብላ ታለቅሳለች።

ሆስፒታል፣ ኮሪደሩ ላይ፣ ሐኪሟ ልጅቷ ካለችበት ክፍል ወጥታ አነጋገረቻቸው። «የጉልበቷ ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፤ ወደ ጨዋታ መመለሷን ግን አሁን ላይ ልነግራችሁ አልችልም።»

«በኳሱ ነው አይደል?» አለ ሻንጣው። «ቀደም ሲል እዚህ ጋ መትቷት ነበር።» በራሱ ጉልበት ላይ ቦታውን አሳያት።

«ያ ብልዝ ብቻ ነው፤ ይጠፋል። ይሄኛው ስትዞር ነው የተበጠሰው።»

«ጎኑ ላይ ጠንከር ያለ ክንፍ ቢኖርስ?»

ሐኪሟ ፊቱን አየችና ድምፅዋን አለዘበች። «አባት፣ ከውጭ የሚታሰር ስፖንጅ ይህን አያግደውም። ማንም አልነካትም እኮ።»

ሻንጣው ግድግዳውን ተደገፈ። ክፍተቱ ቢሆን በወደደ ነበር። ያኔ የሚቆጣው ሰው ይኖረዋል፣ የሚደፍነው ቀዳዳ ይኖረዋል፤ ቡድን መሪው ቢሮ ገብቶም «አላልኩም?» ይላል። ይህ ሐሳብ ሲመጣበት በራሱ ደነገጠ። ልጁ እዚያ ተኝታ እሱ ልክ መሆን አማረው! ለሚስቱ እንኳ ያልነገረው ይህን ነው።

ቀዶ ሕክምናዋን እየጠበቀች ቤት በተኛችበት ሰሞን አንድ ከሰዓት ላይ ሾርባ ይዞላት ገባ። እግሯ በፋሻ ተጠቅልሎ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ማንኪያውን አልነካችውም።

«አባዬ፣ ያንተን አድርጌ ቢሆን ኖሮስ?»

«ምን አልሽ?»

«ያንተን መከላከያ። ወይ ያንን ከሥር የሰፋህልኝን። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር እኮ፤ አላደረግኩትም።»

አንዲት «ምናልባት» ብትወጣው የዕድሜ ልክ ሥራው በከንቱ አይቀርም ነበር። «ያው ነበር» አላት።

«ልታጽናናኝ ነው።»

«አይደለም። ሐኪሟን ጠይቄያታለሁ። የእኔም፣ የእነሱም፣ ማንም የሰፋው አይመልሰውም።»

ቀለል የሚላት መስሎት ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምንም፣ ልጄ።»

ሊያቅፋት አስቦ እግሯን እነካለሁ ብሎ ፈራ። የሚይዘው ቢያጣ ከፋሻው ብቅ ያለውን የእግሯን አውራ ጣት ያዘና ሾርባው እስኪቀዘቅዝ እንዲሁ ተቀመጠ።

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። ክረምቱን በሙሉ እግሯን ማጠፍና መዘርጋት ስትለማመድ ከረመች። ያ ወፈር ይል የነበረው ባቷ ሟሸሸ። ሻንጣው ሥራ ቦታው ላይ እርሳስ ይዞ ወረቀቱ ላይ ሲያፈጥ ይውላል። አንድ ቀን አንዲት ሴት ለልጇ መከላከያ ልትገዛ መጥታ «ይሄ ልጄን ያድንልኛል?» ብላ ጠየቀችው። ድሮ ቢሆን «እንዴታ!» ይላል። አሁን ግን የመከላከያውን ማሰሪያ ያጠብቅ ጀመር። ቆራጯ ከኋላ ሆና «ኳሱን ይመልስልሻል፣ እህቴ» ብላ መለሰችለት።

ልጅቷ ክረምቱ ሲወጣ ልምምድ ጀመረች። ኳስ ትመልሳለች፣ ትወድቃለች፣ ትነሳለች። መዞር ላይ ስትደርስ ግን እግሯ መሃል ላይ ይቆምባታል፤ ፈቃድ የሚጠይቅ ይመስላል። አሰልጣኙ ታግሶ ጠበቃት። መጨረሻ ላይ ራሷ ሄዳ «ሌላ በረኛ ፈልጉ» አለችው።

ያን ዕለት አባቷ ሊወስዳት መጥቶ ነበር። ዕቃዋን ሰብስባ ከላይ ከመልበሻ ክፍሉ ወጣች፤ ደረጃውን በጥንቃቄ መውረድ ጀመረች። ሻንጣው ብድግ ብሎ ከፊቷ ሆነ። እጆቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ፊቱን ወደ እሷ አድርጎ፣ በጀርባው ደረጃውን ይወርድላት ጀመር።

«አባዬ።»

«አቤት?»

«ከፊቴ ዞር በልልኝ፤ ደረጃው አልታይ አለኝ።»

ዞር አለላት።