ሃፊዛ የመረጠችው ሌንስ

ሃፊዛ ቡታጅራ ውስጥ ካሉት የግል ክሊኒኮች በአንዱ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ማይክሮስኮፕ ላይ ካጎነበሰች ቀና የምትለው ለምሳ ነው። ከሥራ ስትወጣ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ወንድሟ አብዱልሃፊዝ በአንድ ወቅት ለበዓል የሰጣትን መዳፍ የምታህል ዲጂታል ካሜራ ከቦርሳዋ አውጥታ በገበያው ዳር ዳር ትዞራለች። በርበሬ የሚያሰጡ ሴቶችን፣ ጋሪ ላይ የተኛ ሽማግሌን፣ ሱቅ በር ላይ ቆመው የሚያወሩ ሰዎችን ታነሳለች። ማንም አልከፈላትም፣ ማንም አላዘዛትም። ደስ ስለሚላት ብቻ ነው።

ያች ትንሽ ካሜራ ግን አንድ አመል ነበረባት። ጥላ ውስጥ ከገባች ታውራለች። ወይ ፍላሽዋን ታበራና የሰውን ፊት ኖራ የተቀባ ታስመስለዋለች፣ ወይ ደግሞ ሁሉን ነገር አደብዝዛ ትሰጣለች። ሃፊዛ ደህና ካሜራ ለመግዛት ሁለት ዓመት ስታስብ ስትተው ቆይታ፣ በ2003 ዓ.ም. ጥር ሲገባ ነገሩን የሚያስቆርጥ ጉዳይ መጣ። የአክስቷ ልጅ ዘይባ ልትዳር ነበር።

ዘይባ በእናቷ እጅ አላደገችም። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተችባት ያሳደገቻት የእሷና የሃፊዛ ታላቅ አክስት ሰፍያ ናት፤ መስቃን ገጠር ውስጥ፣ በር እንጂ መስኮት በማያውቅ ሳር ቤት። አክስት ሰፍያ ከዓመታት በፊት አታት ሆስፒታል ዓይኗን ታክማ ማየቱን አግኝታለች፤ ነገር ግን ድንገተኛ ብርሃን አትችልም። ፍላሽ ሲበራባት ዓይኗ ለረጅም ጊዜ ያነባል። ስለዚህ ካሜራ ባየች ቁጥር ሻሿን ፊቷ ላይ ትስባለች። በዘመዱ ሁሉ ቤት የሠርግና የዒድ ፎቶ ሞልቷል። በአንዱም ላይ የአክስት ሰፍያ ፊት የለም።

ዘይባ ሃፊዛን ክሊኒኩ ድረስ መጥታ ያነጋገረቻት ይህንኑ ይዛ ነው። ከቤት የምወጣው ጠዋት ሴቶቹ ባሉበት ስለሆነ ወንድ ፎቶ አንሺ አይገባም፤ አንቺ ትገቢያለሽ አለቻት። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «ከሷ ጋር አንድ ፎቶ ይዤ ልሂድ» አለች። «ፊቷ የሚታይበት። ሌላውን ሁሉ ብታበላሺውም አልቀየምሽም።»

ሃፊዛ እሺ ካለች በኋላ ነው የደነገጠችው። በምኗ ልታነሳት ነው?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከአብዱልሃፊዝ ጋር ጋሽ ሙስተፋ ፎቶ ቤት ሄዱ። ጋሽ ሙስተፋ ከጥቁርና ነጩ ዘመን ጀምሮ የከተማውን ሰው ሲያነሳ የኖረ ነው። ከአዲስ አበባ አዲስም ያገለገለም ካሜራ እያመጣ ይሸጥ ነበር። ሰላምታ ከተለዋወጡና የቤተሰቡ ጤና አንድ በአንድ ከተጠየቀ በኋላ መስታወቱ ላይ ሁለት ካሜራ ደረደረላቸው። አንደኛው ገና ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ቦዲ፣ ማለትም የካሜራው አካል፣ ሲሆን ክንድ የሚያህል ዙም ሌንስ ተገጥሞለታል። ከቡታጅራ ሆኖ ዘቢዳር ተራራ ላይ ያለች ፍየል ይቆጥራል ሲል አሞገሰው። ሁለተኛው ትንሽ የሠራ፣ ከሁለት ሌንስ ጋር የሚሸጥ ነው። አብዱልሃፊዝ የበርበሬ ነጋዴ ነውና ዕቃ የሚመርጠው በእጁ መዝኖ ነው። አዲሱን አነሳና ክብደቱን ወደደው። አንገት ላይ ሲንጠለጠል ራሱ ያስከብራል፣ ይሄን ያዢ አላት።

ሃፊዛ ግን ከቦርሳዋ ከክሊኒኩ ያመጣችውን ወረቀት አወጣች፤ መድኃኒት ካርቶን ውስጥ ታጥፎ የሚመጣው፣ ፊደሉ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ወረቀት ነው። ግድግዳ ላይ ለጠፈችውና ጋሽ ሙስተፋን መብራቱን እንዲያጠፋና በሩን ገርበብ እንዲያደርግ ለመነችው። ሰውየው ግራ ቢገባውም አደረገላት።

አዲሱን ካሜራ ስትሞክረው ወዲያው ፍላሹ ብድግ አለ። ፍላሹን አስተኝታ ደግማ አነሳች፤ ፊደሉ ሁሉ ተንሸራቶ ጭረት ሆነ። ሌንሱ ረጅም ይሁን እንጂ የብርሃን መግቢያው ጠባብ ነው። በዚያ ጨለማ በቂ ብርሃን እስኪጠጣ ድረስ እጅ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ የሁለተኛውን ካሜራ ሌንሶች አንድ በአንድ ፈትታ በበሩ ክፍተት ወደሚገባው ብርሃን አዘነበለቻቸው። አንዱ ላይ ቆም አለች። በመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር የመሰለ ነጭ ክር ተዘርግቷል።

«ሻጋታ ነው» አለች። «የኛንም ማይክሮስኮፕ ክረምት ላይ ይይዘዋል።»

ጋሽ ሙስተፋ መነጽሩን አድርጎ ሌንሱን አገላብጦ ተመለከተና፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ አነጋገሩ ተለወጠ። የሚሸጥላት ሰው መሆኑን ትቶ የሥራ ባልደረባ ያህል ምን እንደምትፈልግ ጠየቃት። የአክስት ሰፍያን ቤት ነገረችው፤ አንድ በር፣ መስኮት የለም፣ ፍላሽ አይበራም። አሰብ አደረገና ከኋላው መደርደሪያ ላይ አንድ ካሜራ አወረደ። የእጅ መያዣው ጎማ ተልጧል፣ ማዕዘኑ ተፋፍቋል። ፊቱ ላይ የሻይ ብርጭቆ የማትሞላ አጭር ሌንስ ተገጥማለች። አታቀርብም፣ አታርቅም፤ ሃምሳ ሚሊሜትር ናት፣ አለቀ። ሃፊዛ ወደ ውስጧ ስትመለከት ግን ሰፊ፣ ንጹሕ፣ ጥልቅ መስታወት አየች።

ወረቀቱን አነሳችበትና ምስሉን ስክሪኑ ላይ አሳድጋ አየች። ዳር ዳሩ ትንሽ ቢለሰልስም መሐሉ ላይ ያለው ደቃቅ ጽሑፍ ይነበባል። በዚያ ጨለማ፣ ያለ ፍላሽ።

«ቦዲው እኮ አሮጌ ነው» አለ ጋሽ ሙስተፋ። «ስድስት ዓመት ሠርቷል። ሜጋፒክስሉም የአዲሱን ግማሽ አይሞላም። በኋላ እንዳትወቅሺኝ።»

«እኛ ጋ የምንሠራበትም ማይክሮስኮፕ ቀለሙ የተላጠ ነው» አለች ሃፊዛ። «ሌንሱ ደህና ስለሆነ ማንም ሊለውጠው አልፈለገም። አዲስ የመጣው ተሸፍኖ ተቀምጧል።»

አሮጌውን ካሜራ ገዝታ ሲወጡ አብዱልሃፊዝ እስከ ቤት ድረስ ኩርፊያውን አልደበቀም። ሠርግ ላይ ዘመድ ሁሉ ሲያይ እህቴ የተላጠ ካሜራ ይዛ ብቅ ስትል ምን ይሉናል እያለ አጉረመረመ። ሃፊዛ ካሜራውን በሻሿ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቅፋ ትሄድ ነበር። ልቧ ግን አላረፈም። ወንድሟ እውነቱን ቢሆንስ?

የመጀመሪያው ሳምንት የሚያስለቅስ ነበር። ከሥራ ወጥታ በርበሬ ተራ ሄዳ አርባ ያህል ፎቶ አነሳች፤ ቤት ገብታ ስታያቸው አንዱም ሰው ዓይኑ አልጠራም። የአንዷ ሴት ጆሮ ጥርት ብሎ ፊቷ ጭጋግ ሆኗል። የሌላዋ አፍንጫዋ እንጂ ዓይኗ የለም። ሰው ለማቅረብ ሌንሱ ስለማይሳብ ራሷ መራመድ ነበረባት፤ ስትጠጋ ደግሞ ሰዉ ይደነግጣል። በሦስተኛው ቀን ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ በአዲሱ ለመለወጥ ጋሽ ሙስተፋ እሺ ይለኝ ይሆን ብላ እስከማሰብ ደረሰች።

መልሱን ያገኘችው ሥራ ላይ ሳለች ነው። የወባ ምርመራ እያየች ነበር። በትልቁ ሌንስ ሲታይ ደሙ በተቀባበት ስላይድ ላይ የሚጠራው ንጣፍ ከወረቀት የሳሳ ነው፤ እጇ ያለ ሐሳብ ማስተካከያውን በትንሹ ወደ ፊት፣ በትንሹ ወደ ኋላ እያለ ያገኘዋል። ይህን ስታደርግ ትንፋሿን ትይዛለች። ሰባት ዓመት አድርጋዋለች። እጇ ማስተካከያው ላይ እንዳለ ቀና አለችና ብቻዋን ፈገግ አለች። የካሜራዋም ሌንስ የብርሃን መግቢያው ሲሰፋ እንዲሁ የሚያጠራው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው። ጥፋቱ የሌንሱ አልነበረም።

በዚያ ቀን የማታውን ገበያ አልጠበቀችም፤ በምሳ ሰዓቷ ወጣች። ካሜራው የሚያጠራውን በራሱ እንዲፈልግ አልለቀቀችውም። በምታነሳው ሰው ዓይን ላይ በእጇ አጠራችው፣ ትንፋሿን ያዘች፣ በደረቷ ብቻ ትንሽ ወደ ፊት ዘመመች፣ ሽፋሽፍቱ አንድ በአንድ ሲነጠል ቁልፉን ተጫነችው። ከአሥሩ አራቱ ጠሩላት። በሚቀጥለው ቀን ስድስቱ። ሠርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው ምጣድ የምትሸጥ አንዲት ሴት ፎቶዋን ስክሪኑ ላይ አይታ፣ መንገደኛውን ሁሉ እየጠራች ታሳይ ጀመር።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ግቢው በሰው ተሞልቷል። ጋሽ ሙስተፋ በወንዶቹ በኩል ተቀጥሮ መጥቶ፣ እንሰቱ አጠገብ ሽማግሌዎቹን ደርድሮ ፍላሹን ያብለጨልጫል። ሃፊዛ ውስጥ ገባች። ቤቱ በሴት ጢም ብሏል። ብርሃን የሚገባው በአንዱ በር ነው፤ እሱም መሬቱ ላይ ወድቆ ምሰሶው ጋ ሲደርስ ይደክማል። መጀመሪያ ያደረገችው በሩ ላይ የቆሙትን ሴቶች ገለል እንዲሉ መለመን ነው። ከዚያ ዘይባንና አክስት ሰፍያን ምንጣፉ ላይ ከበሩ ጎን አስቀመጠቻቸው። ራሷ ጀርባዋ ግድግዳው ላይ እስኪለጠፍ ድረስ ወደ ኋላ ሄደች፤ ያች ሌንስ ሁለቱን የምታስገባው ከዚያ ርቀት ነው።

አክስት ሰፍያ ካሜራውን ስታይ እጇ ወደ ሻሿ ሄደ።

«አክስቴ፣ አያበራም» አለች ሃፊዛ። «ወላሂ አያበራም። መጀመሪያ እኔን ዕዪኝ።» ካሜራውን ወደ ራሷ ፊት አዙራ ተጫነችው። ጠቅ አለ እንጂ ምንም አልበራም። አሮጊቷ ጠብቃ ጠብቃ፣ በሩን አየች፣ ሃፊዛን አየች። ከዚያ ሻሿን የያዘው እጇ ቀስ ብሎ ጭኗ ላይ ወረደ። ዘይባ ያንን እጅ አንስታ ያዘችው። አክስት ሰፍያ ወደ ልጇ ዘወር ብላ፣ ከደጅ የሚገባው ብርሃን ጉንጯን ሙሉ ሲይዘው አየቻት።

ሃፊዛ ትንፋሿን ያዘች። የአሮጊቷ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ተነጠለ። ተጫነችው።

ምስሉን ስክሪኑ ላይ አሳድጋ አየችው። የፊቷ መሥመር ሁሉ አለ፣ የዓይኗ ውኃ አለ፣ ዓይኗ ውስጥ የበሩ ብርሃን ትንሽ ሆኖ አለ። ከኋላ ያሉት ሴቶች በጥላው ውስጥ ለስልሰው ይታያሉ። ካሜራውን ወስዳ ለአሮጊቷ ሰጠቻት። አክስት ሰፍያ አፍንጫዋ ሊነካ እስኪቃረብ ድረስ አቅርባ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች።

«እናቴን መስያለሁ» አለች። «እንዲህ እንደመሰልኳት አላውቅም ነበር።»

ዘይባ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ውጭ ያሉት ወንዶች ሙሽራው የመጣ መስሏቸው ተነሡ።

በሳምንቱ ፎቶውን ለማሳጠብ ጋሽ ሙስተፋ ጋ ስትሄድ ሰውየው ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። በትልቁ አጥቦ የማጠቢያውን ገንዘብ አልቀበልም አለ። በኋላ ደግሞ እንደ ማፈር ብሎ፣ ያችን ሌንስ ለቅዳሜ ብታውሺኝ ሲል ጠየቃት። ሃፊዛ ሰጠችው፤ እንዴት ትንፋሽ ተይዞ እንደሚጠራም አሳየችው። በከተማው ግማሹን ሰው ያነሳ ሰው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰማት።

ፎቶውን ለዞኑ የባህል ሳምንት የፎቶ ውድድርና ኤግዚቢሽን እንድትልከው የገፋፋትም እሱ ነው። ሚያዝያ ላይ ወልቂጤ ተጠራች። አብዱልሃፊዝ በርበሬውን ለሰው አደራ ብሎ አብሯት ሄደ፤ አክስት ሰፍያም አዲስ ሻሽ አድርጋ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊት ተቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ ከስልሳ የሚበልጥ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ብዙዎቹን ያነሱት በፎቶ የሚተዳደሩ ሰዎች ናቸው። የአክስት ሰፍያ ምስል ግድግዳው መሐል ላይ ነበር። ከሥሩ አንደኛ የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል።

ሃፊዛ ስሟ ሲጠራ እግሯ እንዴት መድረኩ ላይ እንዳደረሳት አታስታውስም። ስትወርድ ከዳኞቹ አንዱ በምን ካሜራ እንዳነሳችው ጠየቃት። ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሰውየው የተላጠውን ጎማ በአውራ ጣቱ ዳሰሰና እንዳላመነ ሁሉ ፎቶውን መልሶ አየ። አብዱልሃፊዝ ከኋላ ብቅ ብሎ፣ እህቱ ያችን ሌንስ እንዴት በመድኃኒት ወረቀት ፈትና እንደመረጠቻት፣ እሱ ራሱ ከመጀመሪያውም እንዳመነባት አድርጎ ያወራለት ጀመር። ሃፊዛ ሰማችው፤ አላረመችውም።

አክስት ሰፍያ ፎቶዋ ሥር ቆማ ነበር። የሚገባው ሰው ምስሉን አይቶ፣ እሷን አይቶ፣ እጇን ይጨብጣል። እንግዳ እንደምትቀበል እመቤት ለሁሉም የጤናቸውን ትጠይቃለች። ሁለት የወልቂጤ ልጃገረዶች ደግሞ ሃፊዛን ወደ ጥግ ሳብ አድርገው፣ የሠርጋቸው ቀን መቼ መቼ እንደሆነ ነገሯትና ትመጪልን ይሆን ብለው ጠየቋት።

እመጣለሁ አለች። ከዚያ የምስክር ወረቀቱን ለወንድሟ አስያዘችና ወደ ደጅ ወጣች። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት ሙዝ የምትሸጥ ሴት ፊት አንድ ወገን ላይ አርፋለች። ሃፊዛ ፈቃዷን ጠየቀቻት፣ ሁለት እርምጃ ቀረበች፣ ትንፋሿንም ያዘች።