የመንገድ ወሬ

ክርርር… ጭ። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ እንደገና ክርርር… ጭ።

ጠዋት ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ የምሰማው ይኼን ነበር። የግቢያችን የቆርቆሮ በር መቀርቀሪያ ነው። አባቴ ይስበዋል፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መንገዱን ያያል፣ ከዚያ መልሶ ይዘጋዋል። አንድ እርምጃ ወደ ውጭ አይወጣም። እናቴ ወለተሐና በ2007 ክረምት ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሆነ። ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ደግሞ ንግግርም ተወ። አኩርፎ አይደለም፣ ተቆጥቶም አይደለም። ባትሪው እያለቀ እንደሚሄድ ራዲዮ ነው የሆነው። መጀመሪያ ረጅሙን ነገር ተወ፣ ከዚያ አጭሩን ተወ፣ በመጨረሻ «እህ» ማለትም ቀረ።

አባቴ አቶ አምሀ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከድሬዳዋ ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ጉናጋዶ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ድሮ ቤት ሲገባ ወሬው አያልቅም ነበር። ባቢሌ ላይ ኦቾሎኒ ስንት እንደገባ፣ ካራማራ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የበጠሰው መኪና የማን እንደሆነ፣ ማን ከማን ጋር መንገድ ላይ ተሰዳድቦ ምሳ አብሮ እንደበላ። እናቴ «አምሀ፣ መጀመሪያ እጅህን ታጠብ» ትለው ነበር። ታጥቦ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ማታ ቤት ስገባ ሁለታችን ቁጭ እንላለን። እሱ ግድግዳውን ያያል፣ እኔ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር አያለሁ። አዝኜ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን እግር ሲደነዝዝ የራስ አልመስል እንደሚለው፣ ያ ጊዜ የእኔ አይመስለኝም።

አባቴን ከበሩ ያስወጣችው የግመል ወተት የምታመጣልን ሳህራ ናት። የሰፈሩ ልጆች ሁላችንም እንደ ሶማሌዎቹ «እዶ» እንላታለን፤ አክስቴ እንደማለት ነው። ሶማሌ ከሶማሌ ሲገናኝ «ወረን» ይባባላል። ምን አየህ፣ መንገዱ እንዴት ነው፣ ወሬህን አምጣ ማለት ነው። እንዲያው ለአፍ ያህል የሚባል ሰላምታ አይደለም። የተጠየቀው ያየውን ይናገራል፣ የጠየቀውም በተራው ያየውን ይናገራል።

እዶ ሳህራ አንድ ቀን ገርበብ ባለው በር በኩል አባቴን «አዴር አምሀ፣ ወረን» አለችው። አዴር አጎቴ ማለት ነው። ዝም አለ።

«እሺ፣ ነገ» አለችና ሄደች።

በነጋታውም «ወረን» አለች። ዝም። «እሺ፣ ነገ።» ሁለት ሳምንት ያህል እንዲሁ ሆነ። ምን ሆነህ ነው፣ አሞህ ነው ወይ፣ አንድ ቀን እንኳን አላለችም። አንድ ጠዋት እንደ ልማዷ ጠይቃ ዘወር ስትል ድምፅ ሰማሁ።

«የባጃጁ የኋላ ቀኝ ጎማ አልቋል።»

እኔ አልጋ ውስጥ ነበርኩ። የሌላ ሰው ድምፅ ነበር የመሰለኝ።

«የየትኛው ባጃጅ?» አለች።

«ፊት ለፊት የሚያድረው። ዛሬ ወይ ነገ ይፈነዳል።»

«በል አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ ና፣ ለሌሎቹ ንገራቸው። ያየኸው አንተ ነህ፣ እኔ ላወራልህ አልችልም።»

ሌሎቹ የምትላቸው ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ከቤቷ ጀርባ ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋ ጥላ አለ። ከሰዓት በኋላ ወተቷን ሸጣ ስትጨርስ ሰባት ስምንት ሆነው እዚያ ይቀመጣሉ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው። የመጣ ሁሉ በዓይኑ ያየውን አንድ ወሬ ይዞ ይመጣል። «ሰው ነገረኝ» አይሠራም። ወሬ ያልያዘ ሰው ሻዩን ያለ ስኳር ይጠጣል። ስለዚህ ቤታቸው ተኝተው የሚውሉት ሰዎች ለአንድ ማንኪያ ስኳር ሲሉ በየመንገዱ ዓይናቸውን ከፍተው መዞር ጀመሩ።

ማታ ከሥራ ስመለስ አባቴን ለመውሰድ በዚያ በኩል አልፋለሁ። የድሮው የከብት ደላላ አደን ሁልጊዜ የሚቀመጠው በሩ አጠገብ ነው።

«ሾፌሩ፣ ዛሬስ ያየኸው ሰው ነው ወይስ ጎማ?» ይለዋል።

«ጎማ።»

«አይ አምሀ! እኛ ግመል ሲቀርብልን ጥርሱን ነው የምናየው። አንተ ሰው ቢቀርብልህ ጫማውን ነው የምታየው።»

«ያንተን አይቻለሁ» አለ አባቴ። «ለከተማ ይሆናል። ረጅም መንገድ አያስኬድም።»

ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡት እማማ ታንጉት እስኪያስላቸው ሳቁ። «እሰይ! አደን፣ ዛሬ ተመዘንክ» አሉት።

«እኔ ምን ቸገረኝ፣ ስኳር ሐኪም ከልክሎኛል። ወሬ አመጣሁ አላመጣሁ ቅጣት የለብኝም።»

«ታዲያ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?»

«እናንተ ስትቀጡ ለማየት።»

እዶ ሳህራ ሻይ እየቀዳች ዝም ትላለች። ከሰዎቹ ሁሉ ትንሽ የምታወራው እሷ ነበረች። ብዙ ጊዜ የምትለው ያችኑ አንዷን ቃል፣ «ወረን»ን ብቻ ነው።

በዚህ ሁኔታ አንድ ዓመት አለፈ። አባቴ ጠዋት መቀርቀሪያውን ስቦ ይወጣል፣ ወሬውን ይፈልጋል፣ ይመለሳል። አልፎ አልፎ ለእኔም አንድ ሁለት ነገር ይነግረኛል።

መስከረም ላይ ዋርሳሜ የሚባል የመንግሥት ቢሮ ሠራተኛ ወረቀት ሊያባዛ ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ መጣ። ለአረጋውያን ቀን፣ ለሽማግሌዎች የአእምሮ ጤና የደከሙ ሰዎችና ማኅበሮች የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው ነገረኝ። ሰው ጠቁሙ ቢሉ ማንም እንዳልጠቆመም ነገረኝ።

«እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ» አልኩት።

«ጻፈዋ! በጽሑፍ ካልመጣ እኛ ጋ የለም ማለት ነው።»

ጻፍኩት። እዶ ሳህራን አልጠየቅኋትም፣ በድንገት ቢሆን ደስ ይላታል ብዬ ነው። ማመልከቻ የመጻፍ ሥራ የራሱ ልማድ አለው። ቤቱ ከዘመመ ወደቀ ይባላል። ልጁ ካሳለው ደም ተፋ ይባላል። ችግሩ ካልከፋ ሁለተኛውን ገጽ የሚገልጥ የለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ለሰው የጻፍኩት እንደዚያ ነው፣ እጄ ሌላ አያውቅም። ስለ እማማ ታንጉት «በመንገድ ላይ ለብቻቸው ሲያወሩ ይታዩ የነበሩ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ አደን «ለመኖር ያላቸው ፍላጎት የተሟጠጠ» አልኩ። የአባቴን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። «አቶ አምሀ የተባሉ አባት አእምሯቸው ተነክቶ፣ ከሰው ተራ ወጥተው፣ ራሳቸውን የማያውቁ የነበሩ ሲሆን፣ ዛሬ በወይዘሮ ሳህራ ጥረት ወደ ሰውነት ተመልሰዋል።» ጥሩ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሳነበው አባቴን አልነበረም የማስበው፣ ዓረፍተ ነገሩን ነበር።

በዓሉ የተደረገው በአንድ አዳራሽ ውስጥ ነው። እዶ ሳህራ ለምን እንደተጠራች ሳታውቅ አዲስ ልብስ ለብሳ መጣች። የጥላው ሰዎች ሁሉ አጅበዋት በአንድ ረድፍ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አባቴ ጢሙን ተላጭቶ፣ የሹፌርነቱን ዘመን ቡናማ ጃኬት ለብሶ ነበር። ዋርሳሜ ማይክራፎን ይዞ ወረቀቴን ማንበብ ጀመረ። ክፋት የለበትም፤ የሚያነበው ነገር ልቡን ነክቶት ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ ቃል አልዘለለም።

«አቶ አምሀ እዚህ አሉ? እስቲ ይነሱልን!»

ስሙ ስለተጠራ አባቴ ተነሣ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ሌላ ሰው ማይክራፎኑን ተቀብሎ ያንኑ በሶማሊኛ ደገመው። አባቴ በአማርኛ አበደ፣ ተጨበጨበለት። ቀጥሎ በሶማሊኛ አበደ፣ ደግሞም ተጨበጨበለት። ተቀመጥ የሚለው ሰው አልነበረም። እዶ ሳህራ ወጥታ በመስተዋት የተለበጠውን ወረቀት ስትቀበልም፣ ፎቶ ስትነሣም እሱ እንደቆመ ነበር። አደን ጃኬቱን ጎተት ሲያደርገው ተቀመጠ። እማማ ታንጉት ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ነበር። እኔ ከኋላ ቆሜ የጣራውን ማራገቢያ አየሁ። አይዞርም ነበር።

ስንወጣ አባቴ ማንንም ሳይጠብቅ ቀድሞ ሄደ። እዶ ሳህራ ወረቀቱን እንደ ወተት ዕቃ ብብቷ ሥር ይዛ ወደ እኔ መጣች።

«ማነው ይኼን የጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይሁን፣ እኔ አንድም ሰው ታመሃል ብዬ አላውቅም» አለች። «ወረን ነው ያልኳቸው።»

በነጋታው ጠዋት ሁለቱንም ድምፅ ሰማሁ። መቀርቀሪያው ተሳበ፣ መቀርቀሪያው ተመለሰ። በዚያም ቀን፣ በማግሥቱም አልወጣም። አደን እስከ በራችን መጥቶ ከውጭ ጮኸ፦ «ሾፌሩ! ጫማ ቀይሬያለሁ፣ ውጣና እይልኝ!» አልተከፈተለትም። ትንሽ ቆመና «የማይረባ ጫማ ነው፣ ብታየው ትስቅ ነበር» ብሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን እዶ ሳህራ ወተት ይዛ መጣች። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

«አዴር አምሀ፣ ወረን።»

«የእኔን ወሬ ቢሮ ወስደሽዋል» አለ አባቴ። «ከእነሱ ጠይቂ።» ጀርባውን ሰጥቷት ገባ።

እሱ ሲገባ ከኋላው የቆምኩትን እኔን አየችኝ። ወተቱን ተቀብዬ እስከ መንገዱ ሸኘኋት።

«ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«አንተ ስትጽፍ አላየሁም። ያላየሁትን አላወራም። ያየኸው አንተ ነህ፣ ወሬውም ያንተ ነው።»

ያኔውኑ ገብቼ ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ሥራ ሄድኩ፣ የሰዎችን ማመልከቻ ጻፍኩ፣ መጣሁ፣ ተኛሁ። ዘጠኝ ቀን እንዲህ አለፈ። ፈርቼ ነው ልል ነበር፣ ግን ፍርሃት ልብ ያስመታል፣ የእኔ ልብ በመደበኛው ነበር የሚመታው። አባቴ ቀስ እያለ ወደ ግድግዳው ይመለስ ነበር። ረጅሙን ነገር ትቷል፣ አጭሩን መተው ጀምሯል። በአሥረኛው ቀን ምሳ አቅርቤ «ጨው አንሶታል?» ብዬ ጠየቅኩት። «እህ» እንኳን አላለም።

በነጋታው ከእሱ ቀድሜ ተነሥቼ፣ ሻይ አፍልቼ፣ በረንዳው ላይ ጠበቅኩት። ወጣ። ወደ በሩ ከመድረሱ በፊት፦

«አባዬ» አልኩት፣ «ወረን በለኝ።»

ቆመና አየኝ።

«ወሬ አለኝ። በዓይኔ ያየሁት ነው።» ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጥኩ። «ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እዶ ሳህራ ምንም አታውቅም፣ እንደ እናንተው አዳራሹ ውስጥ ነው የሰማችው። አንድም ቃል ከእሷ አልወጣም። ሁሉም የእኔ ነው።»

የአደንን ጫማ እንዳየው ዓይነት ነው ያየኝ፣ ከታች ወደ ላይ።

«ከሰው ተራ ወጥተው፣ ያልከውን» አለ። ቃሉን አልረሳውም ነበር። «አይተህ ነው?»

«አላየሁም።»

«ራሱን የማያውቅ፣ ያልከውንስ?»

«እሱንም አላየሁም፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ተመልሶ ወደ ቤት ገባ። ውኃ ሲንቦጫረቅ ሰማሁ፣ ፊቱን እየታጠበ ነው። ሲወጣ ቡናማውን ጃኬት ለብሷል፣ ፀጉሩን አበጥሯል። ያፈላሁለትን ሻይ ተሻግሮት አለፈ።

«የት ነው?» አልኩት።

ወደ በሩ ሄደ።

ክርርር… ጭ።

ሁለተኛውን ድምፅ ጠበቅኩ። የጠዋቱ ነፋስ የቆርቆሮውን በር አንድ ሁለት ጊዜ አንኳኳው። ሻዩ ላይ አቧራ አረፈ። ተነሥቼ ሳይ በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው፤ አባቴ መንገዱ ላይ የለም፣ የጫማው ዱካ አቧራው ላይ ወደ እዶ ሳህራ ቤት ይታጠፋል።