የታናሽና የታላቅ ሱሪ

ስፌት ቤት ውስጥ ልብስ ቆራጩን «ሜትሩ» ነው የሚሉት። የሃያ ሰው ደረት፣ ወገብና እጅጌ ለክቶ አንዱንም አይጽፍም ነበር፤ ሁሉም ጭንቅላቱ ውስጥ ተደርድሮ ይቀመጥለታል። ጻፍ ሲሉት «እኔ ራሴ ደብተር ነኝ!» ይላል።

የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከጀመረ ግን ዓመት ሆነው። ተመስገን ነው፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልጣለውም። ክኒኑ ግን ሐሳቡን አዘገየበት። መቀሱን እያየው «ያንን... ያንን አቀብሉኝ» ይላል፤ ስሙ ምላሱ ላይ ደርሶ ይመለስበታል። ሰላም ሲሉት መልሱ የሚመጣው ሰውየው አልፎ ከሄደ በኋላ ነው። መታመሙን ከሚስቱ በቀር ማንም አያውቅም።

አንድ ሰኞ ሁለት ወንድማማቾች ለእህታቸው ሠርግ ያሰፉትን ሱፍ ሊሞክሩ መጡ። ታላቁ ቀጭን ረጅም፣ ታናሹ አጭር ወፍራም። ታላቁ ከመጋረጃው ጀርባ ሲወጣ ሱሪው ጉልበቱ ሥር ቀርቷል፤ ወገቡን በሁለት እጁ ይዞታል። ታናሹ አንድ እግሩን አስገብቶ ሌላው እምቢ ብሎት እንጣጥ እንጣጥ ይላል።

«ወንድሜ፣ የቀረው ጨርቅ የታለ?» አለ ታላቁ ወደ ሜትሩ ዞሮ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሜትሩም ሳቀ፤ የሁለቱን ልክ ጭንቅላቱ ውስጥ አቀያይሮ እንደቆረጠ ግን ገብቶታል።

በማግስቱ ጠዋት ክኒኑን መታጠቢያው ውስጥ ሊደፋ ሲል ሚስቱ ደረሰችበት።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልተወው። የመረጡት ቀለም ስለሚለያይ ሱሪዎቹን ማቀያየር አይሆንም፣ እንደገና ልቆርጥ ነው፤ ድጋሚ ከተሳሳትኩ ከሥራዬ ያነሱኛል።»

«በስመ አብ! መቀስ ይዘህ ብትወድቅስ? ቁጥር ቢጠፋህ ወረቀት አለ። አንተ ብትጠፋብኝ ከየት አመጣሃለሁ?»

«ታዲያ ምን ልበላቸው?»

«እውነቱን ነዋ! ሰርቀሃል እንዴ? መድኃኒቱንም የሰጠን እግዜር ነው። ዋጠው!»

ዋጠው። እሷም እየጎተተች ሐኪም ጋ ወሰደችው። ሐኪሙ «በገዛ እጅዎ እንዳያቋርጡ፣ አደጋ አለው። መጠኑን ቀስ በቀስ እናስተካክላለን። ምነው ዓመት ሙሉ ዝም አሉ?» አለው።

ከሰዓት በኋላ ሥራ ቦታ ገብቶ ሁሉንም ነገራቸው። ልብስ በካውያ የምትተኩሰው ትልቅ ሴትዮ ደረቷን መታች።

«ወይ ጉድ! እኔ እኮ ሰላምታ ስትነሳኝ ኮርቶብኝ ነው ብዬ ለአምላኬ ሳይቀር ከስሼሃለሁ!»

ቦርጫሙ ኮት ሰፊ ቀጠለ፦ «እኔ ደግሞ ተደብቆ እየጠጣ ነው፣ ምነው አይጋብዘኝም ብዬ ተቀይሜህ ነበር።»

የስፌት ቤቱ ባለቤት እስክሪብቶ ከጆሮዋ ላይ አነሳች። «ሠርጉ አራት ቀን ቀርቶታል። እንዳንተ የሚቆርጥልኝ ከየት ይመጣል? አንተ ለካ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

ወንድማማቾቹ ተጠርተው መጡ። ሜትሩ እየለካ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ እሷ ትጽፋለች። ቃል ጠፍቶት ሲቆም ማንም አላጣደፈውም። ኮት ሰፊው ግን አላስቻለውም።

«ሜትሩ፣ ዛሬስ የማንን ሱሪ ለማን ልትሰጥ ነው?»

ሜትሩ ወገብ ለካ፣ ቁመት ለካ። ወንድማማቾቹ አመስግነው ወጡ። ኮት ሰፊው ነገሩን ረስቶ የስፌት መኪናውን መርገጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ ድንገት ሜትሩ ዞር አለ።

«ያንተን ለሁለቱም! አብረው ይገቡበታል!»